ሃያ ሦስት ልጆች በአንድ ቅጽ

በአምቦ ከተማ አባትነት በዕቅድ፣ በሩብ ዓመት ሪፖርትና በክትትል መመራት የጀመረው ኦቦ ጉርሙ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የአባቶች ኅብረት ሰብሳቢ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የሰፈሩ ወንዶች ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው ያልፉ ነበር እንጂ፣ የሠሩት ሥራ ምሰሶዎች እንዳሉት የነገራቸው አልነበረም። ኦቦ ጉርሙ ነገራቸው። ምሰሶዎቹ ሰባት ናቸው። መጀመሪያ ስድስት ነበሩ፤ ሰባተኛው የተጨመረው ጉደር ላይ በተሰጠ የሁለት ቀን ሥልጠና የመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ኦቦ ጉርሙ በሥራ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አባት ነው፤ ይኸውም ስለ አባትነት ያስተምራል። ከግንጪ እስከ ጌዶ ያልረገጠው አዳራሽ የለም። ድምፁ ወፍራም፣ ቁመናው መልካም፣ ዕንባው ቅርብ ነው። «አባት በቤቱ የእግዚአብሔር ጥላ ነው» ሲል፣ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው እንኳ ዞር ብሎ የገዛ ጥላውን በአክብሮት ያያል። በዚህ አባባል ላይ አስተያየት የሰጠች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሚስቱ ጣቢታ። ጣቢታ ካቺሲ ተመድባ የምትሠራ አዋላጅ ስትሆን ወደ አምቦ የምትመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው።

«ጥላነቱስ ልክ ነው፤» አለችው፣ «እጁን ልያዘው ሲሉት ነው የሚያስቸግረው።»

ልጃቸው ሃዊ አሥር ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል። ቤቱን የምትይዘው አመለሸጋ የምትባል የአባቷ የሩቅ ዘመድ ናት። ሃዊ በአባቷ ትምህርት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አላት፤ በሁለተኛው ምሰሶ ላይ «የጌታ ስጦታ» ተብላ ትጠቀሳለች፣ በአራተኛውም ላይ እንዲሁ። ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቅ ከአምስተኛ ወደ ሠላሳ አራተኛ ደረጃ ስትወርድ ደግሞ «የልጆችን ስንፍና ስለ መግታት» በሚለው በአምስተኛው ምሰሶ ላይም ገባች። ኦቦ ጉርሙ ጌዶ ላይ በሁለት መቶ አባቶች ፊት የልጁን ካርድ ከፍ አድርጎ አሳየ። አዳራሹ አዘነለት። ልጅቷን ግን ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቃትም። ከልጅ ጋር መወያየት በመመሪያው የተቀመጠው ስድስተኛው ምሰሶ ላይ ነው፤ እነሱ ገና አምስተኛው ላይ ነበሩ።

ሃዊን ትምህርት ቤት የሚያደርሳትና የሚመልሳት ኦቦ ፉፋ የሚባል ባለ ባጃጅ ነበር። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት የቀረው፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነው። የሰፈሩን ልጆች በየጠዋቱ በአራት ዙር ያመላልሳል። በአንድ ዙር ስንት ልጅ እንደሚጭን ትራፊክ ፖሊስ ስላልጠየቀው እኛም አናነሳውም።

የሕፃናት ቀን ሲቃረብ ኅብረቱ «የዓመቱ አርአያ አባት» ለመምረጥ ተሰበሰበ። ከኦቦ ጉርሙ ሌላ ሽማግሌው ኦቦ ኦሊቃ ነበሩ፤ የሰንበት ልጆችን የምታስተምረው ናኦሚም ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራት ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ተጋብዛለች።

«በዕለቱ የሕፃናት ቦታ ምን እንደሆነ በግልጽ መቀመጥ አለበት፤» አለ ኦቦ ጉርሙ። «ይገባሉ፣ ይዘምራሉ፣ አበባ ይሰጣሉ፣ ይወጣሉ።»

«ከወጡ በኋላስ?» አለች ናኦሚ።

«ስለ እነሱ እንወያያለን።»

«እነሱ ውጭ ሆነው?»

«ይንጫጫሉ እኮ። የውይይቱ ርዕስ ‹የሕፃናት ድምፅ ይሰማ› ነው። በጫጫታ መካከል እንዴት ይሰማል?»

ኦቦ ኦሊቃ ይህ ምክንያት ጠንካራ መሆኑን ራሳቸውን በመነቅነቅ አረጋገጡ። ቀጥሎ አርአያውን አባት ማን ይምረጥ የሚለው ጉዳይ ተነሣ። አባቶች ራሳቸው ይምረጡ እንዳይባል ሁሉም ራሱን ይመርጣል፤ ሚስቶች ይምረጡ እንዳይባል ማንም ላይመረጥ ይችላል።

«ልጆቹን ብንጠይቃቸውስ?» አለች ናኦሚ።

ልጅን ስለ አባቱ መጠየቅ በኅብረቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ኦቦ ጉርሙ ግን ሐሳቡን ወደደው። ማን እንደሚመረጥ በልቡ ያውቅ ነበርና ነገሩ በመረጃ ቢደገፍ አይጠላም። በዚያው ሳምንት ቅጹን በራሱ እጅ አዘጋጀ፤ ወረቀት ለመቆጠብም ፊደሉን አሳንሶ አሳተመው። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ። ሲከፋህ ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቅህ አባት ማን ነው? ቃል ገብቶ የማያስቀር አባት ማን ነው? የምትነግረውን እስከ መጨረሻው የሚሰማህ አባት ማን ነው? ከሥሩም እንዲህ የሚል ማሳሰቢያ አለ፤ «በእውነት መልስ። እግዚአብሔር ያያል፤ ኮሚቴውም ያያል።»

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሃያ ሰባት ልጆች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቅጹን ሞሉ። ኦቦ ጉርሙ በመካከላቸው ሲዘዋወር፣ ሃዊ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ አያት። በትጋቷ ተደሰተ። አምስተኛው ምሰሶ ፍሬ ማፍራት እንደጀመረ ተሰማው።

ሰኞ ከሥራ መልስ ቆጠራ ሆነ። ናኦሚ ታነባለች፣ ኦቦ ጉርሙ ይመዘግባል፣ ኦቦ ኦሊቃ ይታዘባሉ።

«ፉፋ።»

«ማን?»

«ፉፋ ነው የሚለው።»

«ቀጥሎ።»

«ፉፋ።»

«ቀጥሎ።»

«ኦቦ ፉፋ፣ ባለ ባጃጁ።»

«ይሄኛው ቢያንስ የተሟላ መረጃ ሰጥቷል፤» አሉ ኦቦ ኦሊቃ።

ቆጠራው ሲያልቅ ሃያ ሦስቱ ፉፋ ብለው ነበር። ሁለቱ ባዶውን መልሰዋል፣ አንዱ «አያቴ» ብሏል፣ አንዷ «ናኦሚ» ብላ ጽፋለች፤ ናኦሚም ይህችን ወረቀት ስታነብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከሃያ ሦስቱ አንዱ በትላልቅ ፊደል፣ ከመስመሩ ወጣ ገባ እያለ የተጻፈ ነበር። ሦስቱም ቦታ ላይ ፉፋ፣ ፉፋ፣ ፉፋ። ኦቦ ጉርሙ ከላይ ያለውን ስም ሁለት ጊዜ አነበበውና ወረቀቱን ከሌሎቹ ሥር አስገባው። ስሙ ሃዊ ጉርሙ ነበር።

ውጤቱ በጥብቅ ምሥጢር እንዲያዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አምቦ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ «ሃያ ሦስት ልጆች ፉፋን አባት ብለው ጻፉ» የሚል ነበር። ባጃጅ ተራ ሲደርስ «ፉፋ ሃያ ሦስት ልጆች አሉት» ሆነ። ገበያ ሲገባ ከእነ እናቶቻቸው ስም ዝርዝር ነበር። ኤቢሳ የሚባል የእህል ነጋዴ ልጁን ከመስተዋት ፊት አቁሞ ጆሮውን ከጆሮው ሲያስተያይ ሱቁን ሳይከፍት አረፈደ። ውጤቱ ስላላሳመነው ባጃጅ ተራ ድረስ ሄዶ የፉፋን ጆሮ ዙሪያውን አየው፤ ፉፋም ምን ፈልገህ ነው ቢለው «ወደ ሆስፒታል ትሄዳለህ?» ብሎ ያለ ጉዳዩ ሆስፒታል ደርሶ ተመለሰ።

ረቡዕ ጣቢታ ከካቺሲ ደወለች።

«ሃያ ሦስቱ ውስጥ የእኛም አለች አሉ።»

«አለች፤» አለ ኦቦ ጉርሙ።

«ፉፋን እኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ሻንጣዬን ሲያወርድልኝ።»

«እኔ ምንም አልጠየቅሁሽም፣ ጣቢታ።»

«አውቃለሁ። ሌሎቹ ባሎች ሚስቶቻቸውን ሲጠይቁ ነው የዋሉት። አንተም ይህችን አጋጣሚ ተጠቅመህ ስለ ቤትህ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ልጅቷ ለምን እሱን እንደጻፈች።»

ኦቦ ጉርሙ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ በስድስተኛው ምሰሶ ሥር የሚታይ መሆኑን ማስረዳት ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ። የካቺሲ ኔትወርክ አንዳንዴ አስተዋይ ነው።

ሐሙስ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ኦቦ ጉርሙ ሦስት ቀን ሙሉ ቅጹን ሲመረምር ከርሞ የችግሩን ምንጭ አግኝቶት ነበር።

«ቅጹ ‹አባት ማን ነው› ነው የሚለው። ‹አባትህ› ማለት ነበረበት። የጎደለችው አንዲት ‹ህ› ናት።»

«በአንዲት ‹ህ› ነው ይሄ ሁሉ ቤት የታመሰው?» አሉ ኦቦ ኦሊቃ በጣም ተገርመው።

«‹ህ› ብትኖር ኖሮ ልጁ ማንን ይጽፍ ነበር?» አለች ናኦሚ።

«አባቱን ነዋ።»

«ባይጠይቀውም?»

«ጥያቄው ግልጽ ከሆነ ልጅ አይሳሳትም።»

ስለዚህ የተሻሻለ ቅጽ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። በተሻሻለው ቅጽ መሠረት ልጁ «ሲከፋህ አባትህ ይጠይቅሃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከተሰጡት ሁለት አማራጮች አንዱን በነፃነት ይመርጣል። አማራጮቹ «አዎ» እና «በጣም አዎ» ናቸው።

የቀረው ፉፋ ነበር። ተጠርቶ መጥቶ በረንዳው ላይ ሲጠብቅ ቆይቷል። ገባ፤ ቆቡን አውልቆ «አካም ጅርቱ» ብሎ እጅ ነሣና በተሰጠው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ኦቦ ፉፋ፣» አለ ኦቦ ጉርሙ፣ «ሃያ ሦስት ሕፃናት በሦስት መስፈርቶች አባት ብለው መዝግበውሃል። የምትሰጠው ማብራሪያ ካለ እንሰማለን።»

ፉፋ ወሬውን ሰምቶ ነበር፤ ቀልድ መስሎት ነበር እንጂ። «ማን ማን ናቸው?» አለ።

ናኦሚ ስሞቹን ማንበብ ጀመረች። ፉፋ እያንዳንዱን ስም በሰማ ቁጥር አንድ ነገር ይላል። «እሱ ጥርሱ ወልቆ ነው፣ መሳቅ ያፍራል።» «እሷ ውሻ ትፈራለች፤ በሩ ድረስ ነው የማስገባት።» «እሱ ወንድሙ ሲታመም ዝም ብሎ ነበር፤ አሁን ደህና ነው።» የኦቦ ኦሊቃ የልጅ ልጅ ስም ሲጠራ ትንሽ አመነታ።

«እሱን የሒሳብ ፈተና ቀን ሆዱን ያመዋል።»

«የሒሳብ ፈተና ቀን?» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «እኛ ለሆዱ መድኃኒት ስናጠጣው ዓመት ሞላን።»

ነገሩ ከአጀንዳ እየወጣ ስለሆነ ኦቦ ጉርሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «በአባትነት ላይ ምን ዓይነት ሥልጠና ወስደሃል?»

«የመንጃ ፈቃድ ነው ያለኝ።»

«ልጆቹን ምንድን ነው የምትላቸው?»

«‹ዛሬስ እንዴት ናችሁ› እላለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ተራ አይደርሰኝም፤ ትምህርት ቤት እስክንደርስ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሞተሩ ስለሚጮህ ደግሞ ጆሮ ካልሰጧቸው አይሰማም።»

ኮሚቴው ተመካክሮ ወሰነ። በኅብረቱ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ሦስት መሠረት አባት ማለት የወለደ ስለሆነ ፉፋ በዕጩነት ሊቀርብ አይችልም። ወደ ፊትም በጉዞ ላይ አባታዊ ይዘት ያላቸውን ጥያቄዎች ከመጠየቅ እንዲቆጠብ ይመከራል።

«‹እንዴት ናችሁ›ም?» አለ ፉፋ።

«‹ደህና አደራችሁ› ይበቃል። እሱ መልስ አይጠይቅም።»

ፉፋ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ቆሞ ግን አልወጣም፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ወረቀቶች ያያል። «ከእነሱ አንዷን ልወስድ እችላለሁ? የማናቸውም ብትሆን ግድ የለም።»

«ሰነድ ነው፤» አለ ኦቦ ጉርሙ። «አይወጣም።»

ናኦሚ ያን ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚያ ዕለት ቃለ ጉባኤ ላይ ከዚህ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

ስብሰባው ተበትኖ ኦቦ ጉርሙ ከግቢው ሲወጣ ፉፋ ባጃጁን ተደግፎ ይጠብቀው ነበር። ባጃጁ ግንባሩ ላይ ትልቅ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።

«ኦቦ ጉርሙ፣ አባታዊ ይዘት ያለው እንዳይሆን እፈራለሁ እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎ።»

«ተናገር።»

«ሃዊ አይታያትም።»

«ምኑ?»

«ሩቁ። ከመስቀል ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሰው ባጃጅ ውስጥ እየገባች አስቸገረችኝ። ይሄን ጨርቅ ያሰርኩት ለእሷ ነው። ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ቤት መጥቻለሁ።»

«እና እኔ ምን አልኩህ?»

«ሁለቴ ጉደር ነበሩ። በሦስተኛው ‹በቀጠሮ ና› አሉኝ።»

ኦቦ ጉርሙ አላመነም። በእጁ ካሉት መረጃዎች በአንዱም ላይ ልጁ የዓይን ችግር እንዳለባት አልተመለከተም ነበር። ቢሆንም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ትምህርት ቤቱ በር ሄደ። ልጁ አንደኛ ክፍል ከገባች ወዲህ በዚያ በር ላይ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የበሩ ጥበቃም «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ ጠይቆታል።

ከመንገዱ ማዶ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ደወል ተደወለና ልጆቹ ፈሰሱ። ሃዊ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወጣች። ኦቦ ጉርሙ እጁን አነሣ። ልጅቷ ቀጥ ብላ ወደ እሱ አየች። ዓይኖቿን አጠበበች፤ ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ ማንንም እንዳላየ ሰው ፊቷን መለሰችና ቀዩን ጨርቅ ፍለጋ ሄደች።

ኦቦ ጉርሙ እጁ እንደተነሣ ቀረ። በሁለት መቶ ሰው ፊት ቃል አጥቶ የማያውቀው ሰው ስሟን ለመጥራት ትንሽ ጊዜ ፈጀበት።

«ሃዊ።»

ድምፁን ስትሰማ ዞረች። «አባዬ? ጉደር አይደለህም እንዴ?»

መንገዱን ተሻግሮ ፊቷ ቁጢጥ አለ። «እዚያ ማዶ ስቆም አላየሽኝም?»

«ሰው መሆኑን አይቻለሁ።»

«ክፍል ውስጥ ሰሌዳውስ ይታይሻል?»

«ይታየኛል። ጥቁር ነው።»

«የተጻፈው?»

«ነጭ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ልነግርህ ስል ‹አባት ሲናገር አይቋረጥም› አልከኝ። ከዚያ ለኦቦ ፉፋ ነገርኩት።»

ይህን ያለችው ሳትከስ ነው፤ የት እንዳስቀመጠችው የተጠየቀችውን ዕቃ እንደምትጠቁም ልጅ። ኦቦ ጉርሙ ጌዶ ላይ ከፍ ያደረገው ካርድ ትዝ አለው። ያዘነለት አዳራሽ ትዝ አለው። ለእውነት መመስከር ካለብን፣ በዚያች ደቂቃ ሰባቱም ምሰሶዎች ወድቀው ነበር።

ሰኞ በፉፋ ባጃጅ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል ኦቦ ጉርሙ ፉፋን አየ፤ ፉፋም «ከመስቀል ወዲህ» አለ። «ራሷን ያማታል?» ሲል አሁንም ፉፋን አየ። በመጨረሻ ሐኪሙ የመነጽሩን ትእዛዝ ለፉፋ ሊሰጥ ዘረጋለት፤ ፉፋ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለአባትየው አሳለፈው።

መነጽሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሃዊ አድርጋው ከሆስፒታሉ ደጅ ቆመችና መጀመሪያ ባጃጁን አየች። «ኦቦ ፉፋ፣ ጨርቁ እንዲህ ቆሽሾ ነው እንዴ?» አለች። ፉፋ እየሳቀ ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ቀጥላ አባቷን ረጅም ጊዜ አየችው።

«አባዬ፣ ሸብተሃል።»

ሐኪሙ የሚቸግራት ሩቅ ያለ ነገር ብቻ እንደሆነ፣ ጠጋ ያላትን ግን ሁልጊዜም ደህና አድርጋ እንደምታይ ነግሯቸው ነበር።

ኦቦ ጉርሙ በዚያው ቦታ ቃል ገባላት። ከእንግዲህ ቅዳሜ የእሷ ነው። ከሕፃናት ቀን በኋላ ባለው ቅዳሜ የጉደርን ፏፏቴ ሊያሳያት ተስማሙ። ዘንድሮ ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳ ነበር፤ ስለ ድምፁ ብዙ ማውራት ትችላለች።

በዚያው ሳምንት እሁድ የሕፃናት ቀን ተከበረ። ልጆቹ ገቡ፣ ዘመሩ፣ አበባ ሰጡ፣ ወጡ። የተሻሻለው ቅጽ ውጤት ተነበበ፤ ከሃያ ሰባቱ ልጆች ሃያ አምስቱ «በጣም አዎ»፣ ሁለቱ «አዎ» ብለዋል። ኦቦ ኦሊቃ ይህ በዞኑ ታይቶ የማይታወቅ የአባትነት ዕድገት መሆኑን ገልጸው፣ በቅጹ ዝግጅት ላሳየው አመራር ኦቦ ጉርሙ የዓመቱ አርአያ አባት ሆኖ መመረጡን አበሠሩ።

ኦቦ ጉርሙ መድረክ ላይ ወጣ። የምስክር ወረቀቱን አልተቀበለም።

«ልጄ ግማሽ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ሳይታያት ኖራለች፤» አለ። «እኔ አላወቅሁም። ሰነፍ ናት ብዬ ካርዷን ለሰው አሳይቻለሁ። የዓይኗን ጉዳይ ያወቀው ባለ ባጃጁ ነው። እሱን ደግሞ እኛ ከሰስነው።» ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻለም፤ አለቀሰ። ይህ ዕንባ ከሌሎቹ ዕንባዎቹ የተለየ ነበር፤ አፍንጫውም አብሮ ፈሰሰ።

አዳራሹ ተንሰቀሰቀ። ኤቢሳ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ። ኦቦ ኦሊቃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ናኦሚ ብቻ ልጆቹን ልትጠራ ወደ ውጭ ወጣች፤ ነገሩን ሃዊ ራሷ ብትሰማው ይሻላል ብላ ነበር። ሆኖም የልጆቹ መግቢያ ሰዓት ማለፉን በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ በትሕትና አስረዳት።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ከጉደርና ከጌዶ የመጡ ተወካዮች ኦቦ ጉርሙን ከበቡት።

«ይሄ ምስክርነት አምቦ ላይ መቅረት የለበትም፤» አለ የጉደሩ። «ቅዳሜ ይምጡልን።»

«እሁድ ደግሞ እኛ ዘንድ፤» አለ የጌዶው።

«ቅዳሜን ለልጄ ቃል ገብቼላታለሁ፤» አለ ኦቦ ጉርሙ።

«የሚናገሩትስ ስለ እሷ አይደለም እንዴ?»

ኦቦ ጉርሙ አሰበበት። እውነትም ስለ እሷ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ቅዳሜንና እሁድን ያዘ። ወደ ቤት ሲሄድም በመንገድ ላይ ስምንተኛው ምሰሶ መጣለት፤ «ልጅን ስለ ማየት»።

ቅዳሜ ጉደር ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር። ኦቦ ጉርሙ የትምህርት ቤቱን በር ሲናገር አለቀሰ፤ «ጥቁር ነው፣ ነጭ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ አባቶቹም አለቀሱ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣለት። ስልኩን አውጥቶ ቤት ደወለ፤ አመለሸጋ አነሣችና ለሃዊ ሰጠቻት። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋው።

«ሃዊ፣ ልጄ፣ ብዙ አባቶች እየሰሙሽ ነው። አሁን ምን እያደረግሽ እንደሆነ ንገሪያቸው።»

«ደጅ ተቀምጬ ነው፤» አለች የልጅቷ ድምፅ በአዳራሹ ሞልቶ። «ጫማዬን አድርጌ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ መስሎኝ።»

ኦቦ ጉርሙ ስልኩን ከማጉያው ሊያርቅ ሲል፣ ከወዲያ ማዶ የባጃጅ ሞተር ተሰማና ጠፋ። ቀጥሎ የፉፋ ድምፅ መጣ።

«ሃዊ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ? አባትሽ የት ሄደ?»

«ጉደር።»

«ያለ አንቺ?»

«ስለ እኔ ሊያለቅስ ነው የሄደው። ነገ ደግሞ ጌዶ ያለቅሳል።»

ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ በጥልቅ ስሜት «አሜን» አሉ፤ አዳራሹም ተቀበላቸው። ቀድሞ ሊሰማ የመጣው የጌዶው ተወካይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ወደ መድረኩ ወጣና በኦቦ ጉርሙ ጆሮ፣ «ነገም የሚደውሉላት ከሆነ ሰዓቱን ይንገሩን፤ የእኛ ማጉያ ቀድሞ ካልተሞከረ ያስቸግራል» አለው።

ኦቦ ጉርሙ ስልኩን ዘጋ። ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ የነገውን ሰዓት ሊይዝ ደብተሩን አወጣ።